ጃንጥላው የዞረበት ጠዋት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትልቁ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ጀርባውን እየደለቅሽ ነው የምታስተኚው? ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ባለፈው ስልክ ላይ እንዴት ነሽ ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ ላንቺ ማቀበሉን እንዳልረሳሁለት ጨምረሽ ንገሪልኝ። እኛ ደህና ነን። አባባም እንዳለ አለ። ይቺን «እንዳለ አለ» የምትል ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን ስጽፋት እጄን ያዝ አደረገኝ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ምድጃ ላይ የጣድሽው ነገር ካለ አውርጂና ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

ደውዬ ያልነገርኩሽ እዚህ ቤት የተነገረ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ስቱዲዮውንና የኋላውን ክፍል የሚለየው ያ መስታወት ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባባ በደህናው ጊዜ፣ ደንበኞች ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት ጸጉራቸውን የሚያበጥሩበትን ቦታ ለመከለል ያስገባው፣ ብርሃን እያሳለፈ መልክ የማያሳልፈው ወፍራም መስታወት። ልጆች ሆነን ከወዲያ በኩል አፍንጫችንን ለጥፈን ደንበኛ እያሳቅን ስንት ፎቶ አበላሽተንበታል። አሁን ከወዲያ የአባባ አልጋ አለ፣ ከወዲህ የእኔ ጠረጴዛና መብራቶች አሉ። እሱ ሲገላበጥ እሰማለሁ፣ እኔ ሳዛጋ እሱ ይሰማል።

መጀመሪያ ቂሜን ላውጣውና ይቅለለኝ። አባባን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ የተያዘ ሰሞን መጥተሽ አንድ ሳምንት ቆየሽ፤ ስትሄጂ ደረጃው ላይ አቅፈሽኝ፣ ለስድስት ወር ብቻ ያዢልኝ፣ ከዚያ እኔ እወስደዋለሁ አልሽኝ። ያ ስድስት ወር አራት ጊዜ አለቀ፣ እታለም። በየጊዜው ምክንያት ነበረሽ፤ አንዴ እርግዝና፣ አንዴ ቤት መቀየር፣ አንዴ የባልሽ እናት። ምክንያቶችሽ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ይበልጥ የሚያናድዱኝም ለዚህ ነው። በውሸት ብታታልዪኝ እጣላሽ ነበር። በእውነት ስትይዢኝ ግን ምን እላለሁ? ዝም ብዬ አንሶላ አጥባለሁ።

ቀኔ እንዲህ ነው። ጠዋት አባባን አጣጥበዋለሁ፣ በማንኪያ አበላዋለሁ፣ ጀርባው እንዳይቆስል አገላብጠዋለሁ። ከዚያ መብራቶቼን አብርቼ ሥራ እጀምራለሁ። ከቤት የምወጣው ለፋርማሲና ለገበያ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ብቆይ ነው። ከበራችን እስከ ፋርማሲው አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ የቆጠርኩት ሥራ ፈትቼ ሳይሆን ሌላ የምሄድበት መንገድ ስለሌለኝ ነው። ስወጣ ከላያችን ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ጆሮዋን ትጥልልኛለች። አባባ አንዳች ነገር ቢያስፈልገው ግድግዳውን በማንኪያ እንዲመታ ተነጋግረናል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መትቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጨዋ በሽተኛ አይቼ አላውቅም ትለኛለች፤ እኔም እኮራበት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት እግሩን የምታፍታታለት ባለሙያ ትመጣ እንደነበር ጽፌልሻለሁ። እየተሻለው ነው፣ ከበረታ ዱላ ይዞ ይቆማል ስትል እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርባት ነበር። እግሩን ስታነሳው እንደ ጆንያ ይለቅባታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ቀረች። ንግግሩም ከሦስት ቃል አላለፈም፤ ውሃ፣ በረደኝ፣ በቃኝ። እነሱንም ቢሆን ግማሹን ውጦ ነው የሚያወጣቸው። እኔም ለመድኩት። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝም እነዚህን ሦስት ቃላት እየሰማሁ ነው።

ሥራዬ እንዴት እንደተለወጠ ግን አልነገርኩሽም። ለአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ካታሎግ ፎቶ እንደማነሳ ታውቂያለሽ፤ መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ ወንፊት፣ የጠርሙስ መክፈቻ በካርቶን ይልኩልኛል፣ አንስቼ እመልሳለሁ። አምና የካታሎጉ ኃላፊ፣ ነጭ ጀርባ ላይ የተጋደመ መቀስ ማየት እንደሰለቻት ጻፈችልኝ። ሌላ ሰው ያላመጣው ነገር ካለሽ ላኪልኝ አለች። ሌላው ፎቶ አንሺ ይሄኔ ወጥቶ ሜዳውን፣ ወንዙን፣ ድንጋዩን ይፈልጋል። እኔ የት እሄዳለሁ? ቤት ውስጥ ባገኘሁት ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ሁሉ ዕቃውን አሾልኬ ማንሳት ጀመርኩ።

አንቺ ካሜራ በያዝሽ ቁጥር የሚወጣው የገዛ አውራ ጣትሽ ነበር፤ ቢሆንም ላስረዳሽ። መሐንዲሶች የሚስሉበትን ያን ስስ ወረቀት በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሬ አቆማለሁ። ዕቃው ከወረቀቱ ጀርባ ይሆናል፣ መብራቱ ደግሞ ከዕቃው ጀርባ። ከፊት ካበራሽበት ወረቀቱ ግድግዳ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ከኋላ ስታበሪበት ነው የሚከፈትልሽ። ወረቀቱን የነካው የዕቃው ክፍል ጥርት ብሎ ይወጣል። አንድ ጣት የራቀው ይደበዝዛል፣ አንድ ስንዝር የራቀው ጥላ ብቻ ይሆናል። መቀሱን ጫፉን አስነክቼ እጀታውን አርቄ ሳነሳው፣ ስለቱ ከጉም ውስጥ ወጥቶ ሊቆርጠኝ የመጣ መሰለኝ። ያን ቀን ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ እጄ ያልደረሰበት ነገር የለም። የሻወር መጋረጃችንን ቆርጬዋለሁ፤ ስትመጪ አዲስ ይዘሽ ነይ። ዳቦ የሚጠቀለልበትን ወረቀት ብርሃን እንዲያሳልፍ በዘይት አሽቼ፣ ከኋላው ወንፊት አቁሜያለሁ። መስኮት ላይ ግሊሰሪን የተቀላቀለበት ውሃ ነፍቼ ማበጠሪያውን ከጠብታዎቹ ጀርባ አንጠልጥያለሁ፤ ግሊሰሪኑ ጠብታዎቹን ቶሎ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል፣ በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ማበጠሪያ ተገልብጣ ትታያለች። ከልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ቁራጭ ለምኜ አራት ድርብ አድርጌ ወጥሬያለሁ። ሁለት የእጅ ባትሪዎች፣ አንዱን በቀይ አንዱን በሰማያዊ የከረሜላ ወረቀት ሸፍኜ ከግራና ከቀኝ ሳበራ፣ አንዱ የጠርሙስ መክፈቻ ሁለት ጥላ አወጣ፤ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ፣ ዙሪያቸው ሐምራዊ። ልብስ ሰፊዋ አይታ ለአንድ ጠርሙስ መክፈቻ ይኼ ሁሉ ሽርጉድ ምንድነው አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ ከዚያ ወረቀት ወዲያ የሚታየኝ ዓለም ለእኔ ሽርሽር እንደነበር አታውቅም።

ፎቶዎቹን እያተምኩ ለአባባ አሳየው ነበር። በደህናው ጊዜ እንዴት እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ የደንበኛው ቅንድብ አንድ በአንድ ካልተቆጠረ ፎቶውን ቀዶ ይጥላል እንጂ አይሰጥም። የኔን ድብዝዝ ያለ ነገር ያያል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ፊቱን ያዞራል። ሆድ ይብሰኝ ነበር። አለመቻሉ ነው፣ በሽታው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እንግዲህ ወደ ጃንጥላው ልምጣ። ፋብሪካው ጃንጥላ ማምረት ጀመረና አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ላኩልኝ። ሲዘረጋ ከወረቀቴም ከመጋረጃዬም ይበልጣል። ዙሪያዬን ሳይ ሳይ ዓይኔ ያ መስታወት ላይ አረፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ቆሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ለሥራ ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም። የአባባ መስኮት ጠዋት ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ያስገባል፤ ከዚያ የተሻለ የኋላ መብራት ከየት ይመጣል? ገብቼ፣ አባባ፣ ጃንጥላ ላቆምብህ ነው አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ፤ እሺ ማለቱ ነው። ጃንጥላውን ዘርግቼ በርጩማ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ አቆምኩት። ካሜራውን በእኔ በኩል በሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ተከልኩና፣ ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ጥሩዋ ደቂቃ እንዳታመልጠኝ በየደቂቃው ራሱ እንዲያነሳ አድርጌ፣ መድኃኒት ለማምጣት ወጣሁ።

ካሜራው ራሱ እንደሚያነሳ ለአባባ አልነገርኩትም። ለበሽተኛ ሰው ይኼን ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳል? እሱ በሚያውቀው ዘመን ደግሞ ጣት ያላረፈበት ካሜራ ብረት ነው።

ስመለስ ፎቶዎቹን ከመጨረሻው ጀምሬ አየሁ። እታለም፣ እንደዚያ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም። የጃንጥላው አንዱ ጠርዝ ጥርት ብሎ፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል፤ ከዚያ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄዶ እጀታው ጋ ሲደርስ ብርሃን ውስጥ ይጠፋል። አንድ ሰው ይዞት ወደ ውስጥ እየገባ ያለ ይመስላል። ፀሐይዋ ናት አልኩ። ደስታዬ ስላልቻለኝ የቀሩትን እንኳ ሳላይ ያንኑ ላክሁት።

የካታሎጉ ሽፋን ሆነ። በሳምንቱ ኃላፊዋ ራሷ ደወለች። ፋብሪካው ባለበት ከተማ የራሳቸውን ስቱዲዮ ሊከፍቱ ነው፤ ነይና ያዢው፣ ቤትም እንሰጥሻለን፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ አለችኝ። ከዚህ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ስልኩን እንደዘጋሁ ወዲያው ላንቺ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ ሦስት ገጽ። እንደዚያ ተዋርጄ ለምኜሽ አላውቅም፤ አባባን ውሰጂልኝ፣ ወይ ነይና ተቀመጪልኝ፣ ይኼ በር ከተዘጋ ሁለተኛ የሚከፈትልኝ የለም ብዬ። ያን ደብዳቤ ቀደድኩት። ባልቀደው ኖሮ ይሄኔ ደርሶሽ፣ አንቺም አልቅሰሽ፣ አንድ እውነተኛ ምክንያት ጽፈሽልኝ ነበር።

የቀደድኩት እንዲህ ስለሆነ ነው። ፋብሪካው ለኋላ ሽፋን ሌላ አማራጭ ስለፈለገ የዚያን ጠዋት ፎቶዎች በሙሉ ላኪልን አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ አየሁ። እስከ አሥረኛው ድረስ እኔ ያቆምኩት ጃንጥላ ነው፤ ሙሉውን ድብዝዝ ያለ፣ የረባ ነገር የለውም። አሥራ አንደኛው ላይ ከኋላው አንድ ጥቁረት አለ። ስክሪኑ የቆሸሸ መስሎኝ በቀሚሴ ጠረግኩት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ጥቁረቱ ቀርቧል፣ ትከሻ አውጥቷል። አሥራ ሦስተኛው ላይ መስታወቱ ላይ እጅ አለ።

እጅ ብቻ። የቀረው ሰውነት ጥላ ነው፤ እጁ ግን መስታወቱን ስለነካ የመዳፉ መስመሮች ሳይቀሩ ይነበባሉ። ግራ እጅ ነው፤ በሽታው የያዘው። የካሜራው ሦስት እግር ወድቆበት የተጣመመው ትንሹ ጣት እንደተጣመመ አለ። ከፍታው ደግሞ ከእኔ ራስ በላይ ነው። በሌላው እጁ የጃንጥላውን እጀታ ይዟል። አሥራ አራተኛው ላይ ጃንጥላው ዞሯል፣ ጠርዙ ወደ መስታወቱ ተጠግቷል፣ ጥላው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። አሥራ አምስተኛው ላይ ማንም የለም። እኔ የላክሁት አሥራ አምስተኛውን፣ የመጨረሻውን ነው።

እውነቴን ነው የምነግርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ቆመ! አልኩ፣ አባባ ቆመ። ሮጬ ልገባ ተነስቼ ነበር። መሃል መንገድ ላይ ማሰብ ጀመርኩና እግሬ ቀረ። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ውሎ ያደረ ሰው በአንድ ጠዋት ተነስቶ ጃንጥላ አያዞርም። በማንኪያ ያበላሁትን አሰብኩ። ያጠብኩትን አሰብኩ። አልጋው ሥር አስቀምጬው መስኮቱ ጋ ያገኘሁትን ነጠላ ጫማ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት ያነሳችው ብዬ ያለፍኩትን፣ አሰብኩ። ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። በሩን በርግጄ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ እዚያም ቆምኩ። እኔ ተናድጄ የምሄድበት ቦታ እንኳ የለኝም። ፋርማሲው ዝግ ነበር። ተመልሼ ገባሁ።

ሁለት ቀን ምንም አላልኩትም። በሦስተኛው ጠዋት ፎቶውን አትሜ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን በእጁ ጠቆመ፤ አደረግኩለት። ለረጅም ጊዜ አየው። ያፍራል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ይክዳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረገና፣ ሁለት ዓመት ባልሰማሁት ድምፅ፣ ትንሽ እየተጎተተ ግን አንድም ቃል ሳይሰበርበት፦

«ጃንጥላው ከመስታወቱ ርቆ ነበር» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ፎቶውን አብሬው አየሁት።

«ጠርዙ ካልነካ አይነበብም» ብሎ ጨመረ።

ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፤ ሳህን ሳጥብ፣ አንሶላ ሳሰጣ ለማን እንደምናገረው ሳላውቅ ያዘጋጀሁት። ያን ሁሉ ትቼ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆም ብቻ ጠየቅኩት።

«አንቺ ስትወጪ» አለ።

እኔ ቀኑን ነበር የፈለግኩት፤ ዓመት ነው ወር ነው? ደግሜ ጠየቅኩት።

«አንቺ ስትወጪ ብቻ» አለና መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ? ፍርሃት ነው። አባባ ፈርቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። እማዬ የሞተች ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላየሁትም። ደህና ነው ከተባለ ማን አብሮት ይቀመጣል? አንቺ ሄደሻል፣ ደንበኞቹ ሁሉ በየስልካቸው ራሳቸውን ያነሳሉ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይኼን አላለኝም። እኔ ነኝ የምለው።

ምሳ ሰዓት ሾርባ ይዤለት ገባሁ። ሳህኑን ሰጥቼው መውጣት እችል ነበር። ማንኪያውን አነሳሁ፤ እሱም አፉን ከፈተ። አበላሁት። ሲጨርስ በቃኝ አለ፣ እንደ ድሮው ግማሹን ውጦ። ከዚያ ቀን ወዲህ የፎቶው ነገር ተነስቶ አያውቅም። አገላብጠዋለሁ፣ ይገላበጥልኛል። እንደ ጆንያ የሚከብደው ሰውነቱ ግን አሁን ስይዘው ይሰማኛል፤ ራሱን እያከበደልኝ እንደሆነ ጡንቻው ይነግረኛል። ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም እንዳላወቀ ሰው እንቀጥላለን። እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ? በሩ ያልተቆለፈ እስር ቤት።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ መልስ ፈልጋ ደወለች። እኔ ስቱዲዮው መሃል ቆሜ ነበር፣ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ። ፀሐይዋ ከወዲያ በኩል ሞልታ ነበር። መጀመሪያ ስለ ሽፋኑ አመሰገነችኝ፤ ሰው ሁሉ ስለ ጃንጥላው እንደሚያወራ፣ ያን አቀማመጥ እንዴት እንዳሰብኩት ጠየቀችኝ። ብዙ ሞክሬ ነው አልኳት። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነው ያልኳት። እዚህም በዚያው ዓይን ነው የምንፈልግሽ፣ በየሳምንቱ እንደዚያ ያለ ፎቶ ከሰጠሽን ሌላ አንጠይቅሽም አለች። በየሳምንቱ።

ያን ጊዜ መስታወቱ ላይ ጥላ አየሁ። እኔ ቤት እያለሁ ቆሞ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ቆመ። ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ጥቁረት፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ በመጨረሻ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። አምስቱም ጣቶቹ ጥርት ብለው ታዩኝ። እያየሁት እንደሆነ ያውቃል። ሂጂ ሊለኝ ነው የቆመው፣ እታለም። እኔ በቃል ሳልጠይቀው፣ እሱም በቃል ሳይመልስልኝ፣ እግሩን አሳየኝ። ሴትየዋ መቼ ትመጫለሽ ትለኛለች።

«አባቴ መነሳት አይችልም» አልኳት።

እሱን እያየሁት ነው ያልኩት። ይሰማል፤ እዚህ ቤት ሁሉ ይሰማል። ሴትየዋ አዘነችልኝ፤ ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ እይዝልሻለሁ፣ ከእህትሽ ጋር ተነጋገሪበት አለችኝ። ጥላው ትንሽ ቆየ። ከዚያ መዳፉ ከመስታወቱ ለቀቀ፤ መጀመሪያ የመስመሮቹ ጥራት ጠፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹ ተዋሃዱ፣ ትከሻው ሳሳ፣ በመጨረሻም ብርሃን ብቻ ቀረ። አልጋው ሲጮህ ሰማሁ። ያልኩትን ነገር ውሸት እንዳያደርግብኝ ሄዶ ተኛልኝ።

ስልኩን ይዤ እስከ ምሳ እዚያው ቁጭ አልኩ። ለምን እንዳልኩት ብዙ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ብትጠይቂኝ አንድ ሦስቱን እሰጥሻለሁ፣ ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ያንቺን ምክንያቶች ስሰድብ የኖርኩ እኔ ነኝ።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው ድሮ ከምፈልገው ሌላ ነው። አባባን ውሰጂልኝ አልልሽም። ነይ ብቻ። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ስምንት ቀን ይቀረዋል። እንደምትመጪ ግን አትንገሪን፣ አትደውዪ፣ በሩንም አታንኳኪ፤ ያንቺ ቁልፍ አሁንም ይከፍታል። ቀድመሽ ካሳወቅሽን እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ማንኪያዬን ይዤ፣ ቦታ ቦታችንን ይዘን ነው የምታገኚን። አንቺም አይተሽ፣ አንጀትሽን በልተነው፣ ሳምንት ቆይተሽ ትሄጃለሽ። እለምንሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ሳናስበው ድረሽብን።

ደብዳቤው ስለረዘመብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምጽፍልሽ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፤ ገበያ እሄዳለሁ ብዬው ነው የወጣሁት። ደረጃውን ከወጣሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከእግራችን ሥር ነጠላ ጫማ ሲጎተት መሰማት ጀመረ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ መስታወቱ፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ መስኮቱ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «አንቺ በወጣሽ ቁጥር እንዲህ ነው። እኔ እኮ የሚያስታምመው ሰው የቀጠርሽለት ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። አዎ ቀጥሬለታለሁ አልኳት። ከወረድኩ ይተኛል፤ ስለዚህ አልወረድኩም። ወሬ ሲያልቅብኝ የሻወር መጋረጃ ሁሉ የጻፍኩልሽ ለዚያ ነው። አሁን መስታወቱ ጋ ደርሶ ቆሟል። እስኪመለስ ልጠብቀው።

ልጆችሽን ፈጣሪ በጤና ያሳድግልሽ። ቤትሽ ሰላም ይሁን፣ ጉልበትሽ አይዛል፣ መንገድሽን ሁሉ የቀና ያድርግልሽ፤ በተለይ ወደዚህ የሚያመጣውን።

ናፋቂሽ፣
ታናሽሽ